በአያ ጅቦ ደጅ የቀረው አጥሚት

አንድ ጊዜ እዚያው ቁሙ! ከድንጋዩ ወዲህ እንዳትመጡ። መጨባበጥ የለም፣ መሳሳም የለም፤ ጉንጫችሁን ለራሳችሁ ያዙት። ቆይ፣ ክርኔ ውስጥ ልሳልና ልቀጥል። እህህ! በቃ። አዎ፣ የምታዩት ቀበሮ እኔ ነኝ፤ የዚህ ጫካ አንደኛ አራዳ። ጉድጓዴ ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ከቆማችሁበት ሆናችሁ ስሙኝ። ስትስቁ ግን ቀስ ብላችሁ፤ አብሬ ከሳቅኩ ሳሌ ይነሣል።

ነገሩን የጀመረው አያ ጅቦ ነው። ከወንዝ ማዶ የሞተ በሬ አለ ሲባል ሰምቶ ሄደ። ከማያውቃቸው ጅቦች ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞ ሲሻማ ዋለ። በሬውን ጨርሶ፣ ሳላቸውን ይዞ ተመለሰ። እሱ ሲስል የኛ ዛፍ ቅጠሉ ይረግፍ ነበር።

በማግስቱ ኤሊ ከቤት ቤት እየዞረች ማስተማር ጀመረች። በጫካው ስለ ጤና የተማረች እሷ ብቻ ናት፤ ችግሩ እግሯ ነው። ከአንዱ በር ወደ ሌላው እስክትደርስ ጠዋቱ ቀትር ይሆናል። እኔ ጋ ስትደርስ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ተጋድሜ ነበር።

«የሚያስለው ከቤት አይውጣ» አለች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ጠያቂ ወደ ውስጥ አይግባ፤ ያመጣውን ምግብ ደጅ አስቀምጦ ይመለስ። ከታመመ ጋር በአንድ ዕቃ አትብሉ፣ አትጎራረሱ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ካጣችሁ በአመድ። ሲያስላችሁ በክርናችሁ ሸፍኑት። መስኮታችሁንም ክፈቱ፣ ነፋስ ይግባ።»

«አንቺ ደግሞ!» አልኳት። «ዕድሜ ልክሽን ከቤትሽ ወጥተሽ የማታውቂ፣ አሁን እኛን ቤታችሁ ተቀመጡ ትያለሽ?»

«ዕድሜዬ የረዘመው ለዚህ እኮ ነው» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች።

የምመልስላት ነገር ሳስብ፣ ሳስብ፣ መልሱ ሳይመጣልኝ ከዓይኔ ተሰወረች። ኤሊ ናት እንግዲህ የተሰወረችው፤ ምን ያህል እንዳሰብኩ ገምቱ።

ከትምህርቷ አንዲት ነገር ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረች፦ «ያመጣውን ምግብ ደጅ አስቀምጦ ይመለስ።» የቀረውን አላመንኩበትም። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ገና ፊደሉ መሐል ላይ ነው፤ ምግብ የሚለውን ቃል ግን የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ሮጥኩና አያ ጅቦ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠያቂ መምጣት ጀመረ።

«ቁም! ከዛፉ ወዲያ!» እላለሁ ደረቴን ነፍቼ። «በሽታው ተላላፊ ነው። ያመጣኸውን አስቀምጥ፣ እጅህን በአመድ ታጠብና ተመለስ። እኔ አደርስልሃለሁ።»

ከርከሮ ድንቹን፣ ጦጣ የተቀቀለ በቆሎዋን አስቀምጠው ሄዱ። እኔም አደረስኩ፤ ወደ ሆዴ።

ከነሱ ቀጥላ እትዬ አህያ መጣች፤ አጥሚት የሞላ ማሰሮ ይዛ፣ ጆሮዋ እየተንቀጠቀጠ። ከወለደች ሳምንቷ ነው። ውርንጭላዋ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ፣ ሲተነፍስ ጎኑ የሚርገበገብ፣ ይህን የመሰለ ሳል ቢይዘው የማይተርፍ ነገር ነው።

«እትዬ፣ አያ ጅቦ እኮ ጅብ ነው» አልኳት፣ ቢገርመኝ።

«አውቃለሁ። አምና አክስቴን የበላት እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጎረቤቴ ታሞ ሳልጠይቀው ብቀር አገሩ ምን ይለኛል? ገባ ብዬ፣ ጉንጩን ስሜ፣ እግዜር ይማርህ ብዬው ልውጣ። አሳልፈኝ ወንድሜ።»

«አይቻልም!»

«በር ላይ ብቻ ብቅ ልበል።»

«እትዬ፣ አሁን ገብተሽ ትስሚዋለሽ። ከዚያ ቤትሽ ሄደሽ ውርንጭላሽን ትስሚያለሽ። ሳሉን ከጅቡ ጉንጭ አንሥተሽ ልጅሽ አፍንጫ ላይ አደረስሽው ማለት ነው።»

ይህን ያልኩት ከልቤ አይደለም፤ የአጥሚቱ ሽታ ነው ያናገረኝ። እሷ ግን ክው አለች። ማሰሮውን አስቀመጠች፣ ኮቴዋን በአመድ አሸችና «ተባረክ፣ አስተዋይ ነህ» ብላኝ ተመለሰች። አስተዋይ! እናቴ እንኳ ብላኝ አታውቅም። ደስታዬን በአጥሚቱ ግማሽ አከበርኩት።

አያ ጅቦ ከውስጥ ተጣራ። «ማንም አልጠየቀኝም እንዴ?»

«ማንም አያ ጅቦ። የበላሃቸው ዘመዶቻቸው ትዝ እያሏቸው ይሆናል።»

ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «አንተ ብቻ መጣህልኝ! ና፣ ግባ!»

ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው ብዬ የተረፈውን አጥሚት ይዤ ገባሁ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ቤቱ ታፍኗል። አያ ጅቦ ከትራሱ ሥር የደበቃትን ሥጋ አወጣ። ጅብ ሥጋውን ሲያካፍል ያየ አለ? እኔ አይቻለሁ። ቆርሶ፣ አጥሚቱ ውስጥ ነክሮ፣ ጣቱን ልሶ፣ እንደገና ነክሮ ወደ አፌ ላከ።

«በሞቴ!»

ኤሊ «አትጎራረሱ» ያለችው ትዝ ብሎኝ ነበር። ግን ያ ምክር እኔ ለሌላው የምነግረው እንጂ ለኔ የተነገረ አልመሰለኝም። ጎረስኩ።

«አንዷ ብቻዋን አትሆንም፣ በሞቴ ድገም!»

ሁለተኛዋን ስጎርስ ፊቴ ላይ ሳለብኝ። ሥጋዋን ግን አልተፋኋትም። አራዳ ሥጋ ይተፋል?

ጥቂት ቀናት አለፉ። አያ ጅቦ ተሻለው። በጫካው ሌላ አንድም የሚያስለው አልተገኘም። «ቀበሮ አዳነን!» ተባለ። እትዬ አህያ ውርንጭላዬ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ ብላ ገንፎ አገነፋች፤ የክብር እንግዳው እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጉሮሮዬን ሲቆረቁረኝ «አቧራ ነው» አልኩ። ገንፎ የተጠራ ጉሮሮ ምን ጊዜም የሚያመው በአቧራ ነው።

ስገባ እልል ተባለልኝ። ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤ ሞልቶ ይጨሳል። እትዬ አህያ ውርንጭላዋን አፌ ድረስ አቀረበችልኝ።

«ያዳንከውን ልጅ ሳመው እንጂ!»

አጎነበስኩ። ጎኑ አሁንም ይርገበገባል። ያኔ ሳሉ ከታች ተነሣ። ዋጥኩት። ተመለሰ። ደግሜ ዋጥኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አለቀሰ! እንዴት አንጀቱ ርኅሩኅ ነው!» አለች ጦጣ።

ገንፎውን አየሁ። ውርንጭላውን አየሁ። እውነቱን ብናገር ገንፎውም፣ ስሜም፣ እልልታውም ቀረ። ዝም ብል ደግሞ... በጅቡ ደጅ እሷን ለማባረር ያልኩት ነገር በገዛ ድምፄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ለካ ስዋሽ እውነት ተናግሬ ነበር።

ወደ ኋላ ተፈናጠርኩ። ከበር ውጭ ሆኜ ክርኔ ውስጥ ሳልኩት።

«አትቅረቡኝ!» አልኩ። «ሳሉ ይዞኛል። ድንቹንም፣ በቆሎውንም፣ አጥሚቱንም የበላሁት እኔ ነኝ። ከአያ ጅቦ እጅም ጎርሻለሁ።»

እትዬ አህያ ልጇን ለጦጣ አስያዘች፣ ዞር አለችና የኋላ እግሯን አዘጋጀች። ለገንፎው ከትናንት በስቲያ የተነሣችው ኤሊ ልክ ያኔ ደረሰች።

«ተይ እትዬ! ከሱ ስድስት እርምጃ ራቂ!»

የጤና ትምህርት እንደሚጠቅም ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። የአህያ እርግጫ ስድስት እርምጃ አይደርስም።

ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚህ ነኝ። ደጄን የሚጠብቀው ማን ይመስላችኋል? አያ ጅቦ! «አንተም ጠብቀኸኝ የለ» ብሎ በፈቃዱ ነው የመጣው። ለኔ የመጣውን ምግብ «አደርሳለሁ» ይላቸዋል፤ አደራረሱም ቁርጥ የኔ ነው። ወገቤን እዩት፣ የቀበሮ ሳይሆን የቀበቶ ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት ግን እትዬ አህያ ራሷ መጣች፤ ከኔም ስድስት እርምጃ፣ ከአያ ጅቦም ስድስት እርምጃ ርቃ። ማሰሮዋን በረጅም እንጨት ገፍታ እስከ በሬ አደረሰችው። አጥሚት ነው።

«ውርንጭላውስ?» አልኳት።

«ዛሬ ሮጠ» አለች። «ሁለቴ ወደቀ፣ ተነሥቶ ሮጠ።»

አንገቴን ደፋሁ። «ታዲያ እትዬ... ይቅር አልሽኝ?»

ማሰሮውን አየች፣ አያ ጅቦን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝና እንዲህ አለች፦

«ከዚህ የምንማረው፣ ቀበሮዬ፣ ጥንቃቄን ለጎረቤት ደጅ ብቻ አውጆ ለራሱ አፍ የማያውጅ፣ በር ላይ ያገደውን በሽታ በገዛ ጉሮሮው አሳልፎ እንደሚያስገባው ነው።»