ቁጥሩ ወጣ፣ መርፌው ወረደ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ሁለት ክረምት ሙሉ ፊቱን ባዞረበት ደጋ ላይ፣ አውሬው ሁሉ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ነበር። ምንጮቹ ደርቀዋል። ውሃ የሚገኘው አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ተወርዶ፣ ከቆላው ወንዝ ብቻ ነው። ድሮ ያንን ውሃ የሚያመጣው አህያ ነበር፤ አንድ ቀን ወርዶ፣ ሁለት ጀሪካን ግራና ቀኝ ተሸክሞ አንድ ቀን ይወጣል። ማንም አመስግኖት አያውቅም።

ኋላ ላይ አንበሳ መኪና አስመጣ። በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ፣ ሃይብሪድ የሚሏት ናት። ሹፌርነቱን ለአያ ጅቦ ሰጠው። ስለ መኪና ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ከሁሉ ጮክ ብሎ «እኔ አለሁ!» ያለው እሱ ነበርና ሹመቱ ጸደቀ። ቁጥር እንድታነብለት እመት ቀበሮ ከፊት ተቀመጠች። አህያ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ከኋላ ወጣ።

በሚነሱበት ጠዋት የአህያ እናት ከደረቀው ሾላ ሥር ተኝታ ነበር። አርጅታለች፤ መቆም ካቃታት ሦስት ቀኗ ነው።

«በመኪና ከሆነማ ዛሬውኑ ትመለሳለህ» አለችው። «እስከ ነገ ጠዋት እንኳ መቆየት እችላለሁ፣ ልጄ።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ እመጣለሁ፣ እማዬ» አላት።

መኪናዋ ከመሪው ፊት ሁለት ነገር ታሳያለች። አንደኛው ቁጥር ነው፤ የቀረው ነዳጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ ይናገራል። ሁለተኛው ነዳጁን የሚያሳይ ቀጭን መርፌ ነው። «መቶ ሃያ ያስኬዳል ይላል» ብላ አነበበች ቀበሮ። ደርሶ መልስ ዘጠና ነው። ለክፉ ቀን ተብሎ ደግሞ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ከኋላ ተጫነ።

መንገዱ ቁልቁለት ነውና ሞተሯ እምብዛም ሳይሠራ፣ ባትሪዋም ፍሬን በተያዘ ቁጥር እየሞላ ወረዱ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ቀበሮ ቁጥሩን አየችና «መቶ ሃምሳ!» አለች።

አያ ጅቦ ጥርሱ እስኪረግፍ ሳቀ። «መቶ ሃያ ይዘን ተነሣን፣ መቶ ሃምሳ ይዘን ደረስን! ይቺ መኪና ስትሄድ ትወልዳለች!»

አህያ ቁጥር ማንበብ አይችልም። ዓይን ግን አለው። ጠዋት መርፌው ከቀዩ መስመር ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ግማሽ ጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

«አያ ጅቦ፣ መርፌው እኮ ወርዷል» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ መሃይም! ቁጥር የተማረ ሲያነብ አንተ መርፌ ትቆጥራለህ?»

የቀበሮ ዓይን ወንዙ ዳር ዶሮ ከሚያረባው ዝንጀሮ ግቢ ላይ ነበር። እሷም «መቶ ሃምሳ እያለን የዚህ ቤንዚን ክብደት ለምን ያደክመናል?» አለች። ጀሪካኑ ወረደ። ዝንጀሮ ለእሷ ሁለት ዶሮ፣ ለአያ ጅቦ አንድ የደረቀ የግመል ታፋ ሰጠ። ጅብ ታፋውን ካየ በኋላ ስለ ነዳጅ የሰማው ነገር የለም።

እሱ ሲያላምጥ አህያ ቀበሮን ጠጋ ብሎ ጠየቃት። «እመት ቀበሮ፣ በእናቴ ይዤሻለሁ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያደርሰናል?»

ቀበሮ ላባ ከአፏ ጠረገች። «ቁጥሩ የሚያውቀው ያለፍክበትን መንገድ ነው፣ ወዳጄ። መኪናዋ ስትወርድ ጥቂት ነዳጅ በላች፤ ወደፊትም ጥቂት የምትበላ መሰላት። ስለ ዳገቱ የነገራት የለም።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«ያለውን ነው ያነበብኩት። ውሸት ተናገርኩ?»

አርባ ጀሪካን ውሃ ተጭኖ መነሻው ሲደርስ ደግሞ «እግሬን አሞኛል፣ እዚሁ ልረፍ» አለች። መቶ ሃምሳ ብላ ያነበበችው ራሷ አልተሳፈረችም።

አህያ ይህን አየ። ሁለት ጀሪካን በጀርባው ጭኖ በእግሩ ቢነሣ፣ ሳይነጋ ከእናቱ ዘንድ ይደርስ ነበር። አሰበውም። ግን ጀርባው ቁስል ነበር፤ አሮጌው የጭነት ቁስል። እድሜ ልኩን ተሸክሟል፣ አንድ ቀን እንኳ ተሸክመውት ቢወጣ ምን አለበት? «መቶ ሃምሳ እኮ ነው» አለ ለራሱ፣ ማንበብ የማይችለውን ቁጥር እየጠራ። ተሳፈረ።

ዳገቱ ጀመረ። ገና ሁለተኛውን ጠመዝማዛ ሳያልፉ ባትሪዋ አለቀ፤ ሞተሯ ያንን ሁሉ ውሃ ብቻውን እያቃሰተ ጎተተ። ቁጥሩም መውረድ ጀመረ፣ ግን የሚያነበው በመኪናዋ ውስጥ የለም። መርፌው ቀዩን መስመር ነካ፣ አለፈው። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር እንደወጡ መኪናዋ አንዴ ተንገጫገጨችና ቆመች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አያ ጅቦም መቶ ሃምሳዋን አልለቀቃትም። «ደክሟት ነው። ላም እንኳ ስታርፍ ወተቷ ይመለሳል። ትረፍ፣ ነዳጁ ይመለሳል» አለና ከጥላ ተጋደመ።

አህያም ጠበቀ። እዚህ ላይ ነው እኔን የሚቆጨኝ። ጅብስ ጅብ ነው፤ አህያ ግን ነዳጅ አርፎ እንደማይመለስ ያውቅ ነበር። ቢሆንም አንዴ ካመነ ወዲያ አለማመኑ አሳፈረው፤ ሲመሽም ጠበቀ፣ ሌሊቱንም ጠበቀ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሲነጋጋ አያ ጅቦ ከተጋደመበት ተነሥቶ እያነከሰ ወደ እሱ መጣ። ታፋው አልቋል፤ ዓይኑ የአህያን ታፋ ያያል። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል። አህያ ሁለት ጀሪካን ከታሰሩበት ገመድ ሥር ገብቶ ጀርባው ላይ አሳረፋቸውና ዳገቱን ሮጠ።

ደጋው ላይ ሲደርስ ከሰዓት ሆኗል። ሾላው ሥር ጎረቤታቸው ኤሊ ብቻዋን ቆማለች።

«እናትህ ያረፈችው ዛሬ ጠዋት ነው» አለችው። «ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዋን አቁማ የመኪና ድምፅ ስታዳምጥ ነበር። ‹ልጄ ዛሬስ በእግሩ አይመጣም› ትል ነበር።»

አህያ ጀሪካኖቹን ከጀርባው አላወረደም። ውሃውን የሚሰጣት ስለሌለች እንደተሸከመ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን አንበሳ ችሎት ተቀመጠ። «ቁጥሩ ስንት ይል ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«መቶ ሃምሳ፣ ጌታዬ» አለ ጅብ።

«ያለውን ነው ያነበብኩት» አለች ቀበሮ።

«እንግዲያማ ጥፋቱ የዳገቱ ነው» ብሎ አንበሳ ፈረደ፤ አውሬውም ሁሉ አጨበጨበ። አህያን የጠየቀው የለም። በማግስቱ ሁለት ባዶ ጀሪካን ጭነውት ቁልቁል ሰደዱት።

ከዚህ የምንማረው፣ ያለፈው ቁልቁለት ለሚመጣው ዳገት ዋስ እንደማይሆን፣ ይህን እያወቀ ለጀርባው ዕረፍት ሲል ዝም ብሎ የተሳፈረም ከማያውቀው የከፋ ዋጋ እንደሚከፍል ነው።