የምክሩ በሬ

ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሰብሳቢው «አስተያየታችሁ እጅግ ያስፈልገናል» ሲል፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ «ስለ ቆዳው ሊያማክሩን ነው» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። የሚያውቁት ይሥቃሉ። እኔ አልሥቅም። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ስለማውቅ ያንገበግበኛል።

ወይራ ውሃ የሚባል አገር ነበር፤ ከተራራው ሥር በሚፈልቅ አንድ ምንጭና በአንድ ቦይ የሚተዳደር። ቦዩን የሚጠብቀው፣ ለየማሳው የውሃ ተራ የሚያወጣው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል። እርሱ «ልቀቁ» ካላለ ሽንኩርትም ባቄላም የለም። ይህን የሚያህል ሹም ታዲያ የሚመርጡት ከቦዩ ራስጌ ያሉት ሰባት ቤቶች ብቻ ነበሩ። ከግርጌ ያሉት አርባ ቤቶች በየዓመቱ ደለሉን ይጠርጋሉ፣ የተናደውን ይክባሉ፤ ምርጫ ሲሆን ግን «እናንተን ማን ጠየቃችሁ» ይባላሉ።

ከግርጌዎቹም መጨረሻ ላይ የወይዘሮ አጸደ ማሳ አለ። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተራዋ ሲደርስ ውሃው አልደረሰም፤ ባቄላዋ ባበባው ደረቀ። ወደ ውሃ አባቱ ወደ ባላምባራስ ይርዳው ሄዳ አቤት ብትል «ውሃም እኮ እዚያ ድረስ ሲወርድ ይደክመዋል» ብሎ አሾፈባት። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ እንጂ ቁልቁል ሲወርድ የደከመው የት አገር ነው?

አጸደ ዝም አላለችም። ግርጌዎቹን ሰብስባ «የሚጠርግ ሁሉ ይምረጥ፤ አለዚያ ዶማ አናነሣም» አስባለቻቸው። የዚያ ዓመት ጠረጋ ቀረ። ደለሉ የራስጌዎቹንም ማሳ ማስጠማት ሲጀምር ነገሩ ከአገረ ገዢው ጆሮ ደረሰ። አገረ ገዢውም «የአመራረጡን ነገር ሕዝቡን አማክረህ ጨርስ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ይርዳው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበና «ማማከርማ ምን ከፋኝ» አለ።

እዚህ ላይ የቦዩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ የውሃ አባት ሲሾም በቦዩ ራስ ላይ በሬ ይታረዳል። ከዚያ በሬ የቀመሰ ሰው ተመልሶ «ሹመቱን አልቀበልም» ማለት አይችልም፤ ሥጋው እንደ መሐላ ነው።

በምክሩ ቀን ግርጌዎቹ ዳገቱን ወጥተው ሲደርሱ በሬው ታርዶ፣ ሥጋው በቅጠል ላይ ተዘርግቶ ጠበቃቸው።

«ይህ በሬ የምንድን ነው?» አለች አጸደ።

«የምክር ነዋ» አለ ባላምባራስ። «ሰው በባዶ ሆዱ ምን ይመክራል? ቅመሱ እንጂ።»

ዳገት ወጥተዋል፣ ርቧቸዋል፣ ቁርጥ ቀርቦላቸዋል። በሉ። አጸደ ብቻ ድርሻዋን ለልጆቿ ብላ በኮባ ጠቅልላ አስቀመጠች።

ከዚያ ምክሩ ተጀመረ። ባላምባራስ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ፤ ጸሐፊውም ብዕሩን እየነከረ የተባለውን ሁሉ ጻፈ። አንዱ «የሚጠርግ ሁሉ ይምረጥ» አለ። ሌላው «በየሦስት ዓመቱ ሹሙ ይቀየር» አለ። አንዱም ተነሥቶ «አንድ ጊዜ ከራስጌ፣ አንድ ጊዜ ከግርጌ ይሁን» አለ። ባላምባራስ ለእያንዳንዱ «ግሩም ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። የአጸደ ተራ ሲደርስ ብድግ አለች።

«እኔ ሹመት አላማረኝም» አለች። «ውሃ የሚሰጠኝን ሰው እኔም ልምረጠው ነው የምለው። ካልሰጠኝ ደግሞ ልሻረው።»

ግርጌዎቹ አጨበጨቡ። ራስጌዎቹም አጨበጨቡ፤ መጠርጠር ያኔ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባላምባራስ ተነሣ። «ምክራችሁ አንድም ሳይቀር ተጽፏል፤ ለአገረ ገዢው ይላካል። እኔ አርጅቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የውሃ አባታችሁ ልጄ ፈንታው ነው። ሰባቱ ቤቶች ትናንት መርጠውታል።»

«ታዲያ እኛን ለምን ጠሩን?» አለች አጸደ።

«ልንመካከር ነዋ። አልተመካከርንም?»

«እኛ ፈንታውን አልተቀበልነውም።»

«በልታችኋል እኮ» አለ ባላምባራስ ረጋ ብሎ። «በቦዩ ራስ ላይ የሚታረድ በሬ ምን እንደ ሆነ አባቶቻችሁ አልነገሯችሁም?»

አጸደ ኮባውን ፈትታ ሥጋውን እግሩ ሥር ጣለችው። «እኔ አልቀመስሁም» አለች።

«አንቺ አንድ ነሽ። አንድ ሰው ደግሞ ቦይ አይጠርግም።»

ሠላሳ ዘጠኙ ቤቶች አፋቸውን እየጠረጉ መሬት መሬት አዩ።

እስቲ ይህን ምን ይሉታል? በጉልበት ቢነጥቃቸው ቀማኛ ይባል ነበር። እርሱ ግን «ምን ትላላችሁ» እያለ፣ አብልቶ፣ አመስግኖ ቀማቸው። ያም አልበቃው።

«አንድ ነገር ግን ለእናንተ ትቻለሁ» አለ። «የበሬው ቆዳ ምን ይሁን? በዚህ እንኳ የእናንተ ቃል ይጸናል።»

የባሰ የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። መመካከር ጀመሩ። አንዱ «ለመሰብሰቢያው ምንጣፍ ይሁን» አለ። አንዱ «የለም፣ ጠፍር ይውጣው» አለ። ሌላው «የግርጌ ሰዎች እንካፈለው» ብሎ ተቆጣ። ስለ ውሃው የጠፋቸው ድፍረት ሁሉ ስለ ቆዳው ተገኘ። ጸሐፊውም ይጽፋል።

ቆዳውን ሊረከቡ ከጠዋት ጀምሮ ከዳር የተቀመጡ አባ ቦጋለ የሚባሉ ፋቂ ነበሩ። ማሳ ስለሌላቸው ቀኑን ሙሉ ምን ይላሉ ያላቸው ሰው አልነበረም። አጸደ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እርሳቸው ዞረች።

«እርስዎስ፣ አባ ቦጋለ? እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሽማግሌው ተነሡ፤ የሚጨቃጨቁትን አንድ በአንድ አዩና እንዲህ አሏት፦ «ምን እላለሁ፣ ልጄ፤ በሬው ከታረደ ወዲያ ምክሩ ለቆዳው ነው።»