ግማሽ ራስ ሙሽራና ሦስቱ ሶላሮች

ተረት ተረት በሉኝ፤ የላሟን በረት ትቼ የጠጉር ቤቱን በር ልክፈትላችሁ። ወንበሩ ላይ ምንተስኖት የሚባል ሙሽራ ተቀምጧል። ከቀትር በፊት ሙሽሪት ደጅ ካልደረሰ አባቷ ድንኳኑን ሊያስፈርሱ ምለዋል። ጠጉር ቆራጩ ታዲያ ግራ ጎኑን ላጭቶ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ ቶንዶሱ ጭጭ!

«ኧረ ቶንዶስ፣ ጨርሰኝ!» አለ ሙሽራው።

«ባትሪው ካላበላኝ አልላጭም» አለ ቶንዶሱ። መቀሱስ እንዳትሉኝ፤ የድንኳን ገመድ ሊቆርጡበት ተውሰውታል።

ሙሽራው ከነፎጣው ባትሪው ዘንድ ሄደ። «ባትሪ ሆይ፣ አብላ! ቶንዶሱ አልላጭም አለ፣ ሠርጌ ቀረ!»

«ኮንትሮለሩ ካልሞላኝ አላበላም» አለ ባትሪው።

ኮንትሮለሩ ከጣሪያ የሚወርደውን ኃይል ለባትሪ የሚያቀብል ሳጥን ነው፤ ዓይኑን አቅልቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «ኮንትሮለር ሆይ፣ ሙላ! ባትሪው አላበላም አለ፣ ቶንዶሱ አልላጭም አለ፣ ሠርጌ ቀረ!»

«አላስገባም! የኔ በር ሃምሳ ቮልት ነው፤ እነዚያ የጣሪያ ሶላሮች ስልሳ ስድስት ሆነው መጡብኝ።»

ሙሽራው ጣሪያ ላይ ወጣ። «እናንት ሶላሮች፣ ዝቅ በሉ! ኮንትሮለሩ አላስገባም አለ፣ ባትሪው አላበላም አለ፣ ቶንዶሱ አልላጭም አለ፣ ሠርጌ ቀረ!»

«እኛ ምን አጠፋን? እያንዳንዳችን ሃያ ሁለት ነን። ሁለት ሳለን ደህና ነበርን፤ ዛሬ አጎትህ ሦስተኛዋን አምጥተው አንዷን በሌላዋ ጫፍ ላይ ቀጣጠሉን፤ ቮልታችን ተደመረ። እሳቸው ካልፈቱን ዝቅ አንልም።»

አጎቱ ጋሽ ሸዋታጠቅ የመንደሩን ሶላር ሁሉ የሚሰቅሉ ኩሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ይፍቷቸው! ሶላሮቹ ዝቅ አንልም አሉ፣ ኮንትሮለሩ አላስገባም አለ፣ ባትሪው አላበላም አለ፣ ቶንዶሱ አልላጭም አለ፣ ሠርጌ ቀረ!»

«አልፈታም! ለሠርግህ ብዬ የጨመርኩትን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?»

ምንተስኖት እንባው መጣ። ይሄኔ የሙሽሪት እህት ውዴነሽ «ሙሽራው የት ቀረ?» ብላ ከተፍ አለች። ግማሽ ራሱን አይታ ሳቋን ዋጠች፤ ነገሩን ሰማችና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ሸዋታጠቅ፣ ሠርገኛ ሲመጣ በር ይዘን አናስገባም የምንለው እኛ ነን፤ የበር ነገር እናውቃለን። ሚዜዎቹ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመው ቢመጡ ይገባሉ?»

«ጉበኑ ግንባራቸውን ይላቸዋል እንጂ!»

«ጎን ለጎን ቢመጡስ?»

ጋሽ ሸዋታጠቅ ጣሪያውን አዩ፣ የወንድማቸውን ልጅ አዩ። «ጎን ለጎንም እኮ ማበር ነው» አሉና፣ ሐሳቡ ከራሳቸው የመነጨ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው መሰላሉን ወጡ።

ጋሼ ፈትተው ጎን ለጎን አሰሩ፤ ሶላሮቹ ሃያ ሁለት ላይ ዝቅ አሉ፤ ኮንትሮለሩ አስገባ፤ ባትሪው አበላ፤ ቶንዶሱ ላጨ፤ ምንተስኖትም ፎጣውን ጥሎ ሮጠ፤ ድንኳኑ ሳይፈርስ ደረሰ።

ያየውን አበሳ ሁሉ ለሙሽሪት ቢነግራት፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ጅል! ግማሽህን ተላጭተህ አትመጣም ነበር? ለጠጉርህ ነው እንዴ የታጨሁት?»

ተረቴን ላጭቼ ጨረስኩ፤ ጠጉሩን እናንተ ጥረጉ።