ጋቢ ለብሶ የተኛው ድስት

ምንይችል ጥያቄውን ያፈሰሰው ገና ቁጭ ሳይል ነው።

«ጋሼ፣ እኔም ባለቤቴም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነን። ማታ ስንገባ ልጆቹ ርቧቸዋል፣ እኛ ደክሞናል፣ እራት የለም፣ ጠብ አለ። በየሳምንቱ አዲስ ዘዴ እናወጣለን፤ ረቡዕን አያልፍም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ለእንዲህ ዓይነት ቤት የሚሆነው ዘዴ የቱ ነው?»

ጋሽ ወልደሰማያት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ሒሳብ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መልሱን በቀጥታ ሰጥተው አያውቁም። ወንበር አመለከቱትና እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ።

እጁ የረጋ፣ ሥራው የተመሰገነ ሰው ነበር። ዓይኑ ግን ዕረፍት አልነበረውም። የተሸፈነ ነገር ካየ ያመዋል። ጎረቤት ዘንቢል ይዛ በደጁ ካለፈች አንገቱ ይሰግጋል፤ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዘች ጊዜ፣ ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ ያልጠየቀው አሮጊት አልነበረም። ሚስቱ በከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

ቀን ቀን ያ ቤት ሰላም ነው፤ ማንም የለበትማ! ማታ ግን ሚስት እግሯ አብጦ፣ ባል ወገቡ ከስፌት መኪናው ላይ ተቆልምሞ ይገናኛሉ። እንጀራውን ከጎረቤት ይገዙታል፤ ያቃታቸው ወጡ ነው። ከሰሉ አልያያዝ ይላል። ባልየው ሽንኩርት ሲከትፍ ያለቅሳል።

«ሰው ሞተብህ እንዴ? ቶሎ በል እንጂ!» ትለዋለች።

«ሽንኩርት የከተፈ ሰው ከሰል አያራግብም!» ይላል እሱ።

ወጡ ሲደርስ ልጆቹ ተኝተዋል። ታላቂቱን ቀስቅሰው ያበሏታል። መካከለኛው እያንቀላፋ ይጎርሳል። ትንሹ ግን ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ዕንቅልፍ ይወስደዋል፤ እናቱ በጣቷ ታወጣለታለች። አንድ ቀን በጤና ጣቢያው የሰፈር ልጆች ሲመዘኑ የትንሹ ክብደት ቀንሶ ተገኘ። መዛኟ እናቱ ነበረች። ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስቱ አልተጣሉም። ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ከሰሉ ተራገበ፣ ማንም ምንም አላለም። እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ከጠብ ይከፋል።

በማግስቱ አንዲት የገጠር ሴት ሕፃኗን ልታስከትብ መጣች። ነርሷ መርፌውን እያዘጋጀች በወሬ መሀል የቤቷን ነገር አነሳችባት። ሴትዮዋ ሳቀች።

«እኛ በአጨዳ ጊዜ ማን ቤት ይውላል ብለሽ ነው? ሌሊት የተዘፈዘፈውን እህል ጎህ ሲቀድ ጥደን በደንብ እናንተከትከዋለን። ከዚያ ከነፍላቱ እናወርድና ክዳኑን ገጥመን፣ በጨርቅ ጠቅልለን ጭድ ውስጥ እንቀብረዋለን። እኛ ስናጭድ እሱ ይበስላል። ማታ ስንገባ ሞቆ ይቆየናል።»

«ያለ እሳት?»

«እሳቱማ ውስጡ ገብቷል። ብቻ እስከ ማታ ክዳኑ አይከፈት።»

እሑድ ማታ ነርሷ ሽንብራ ዘፈዘፈች። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን አክላ፣ ሽንብራውን ከድንች ጋር አንተከተከችው። ከዚያ ድስቱን ገጥማ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭድ በሞላው ትልቅ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠችው። ባልየው በር ላይ ቆሞ ያያታል።

«ወጥ ነው የምትሠሪው ወይስ ዶሮ ነው የምታስታቅፊው?» አላት።

«አደራህን፣ እንዳትነካው።»

«ምን በወጣኝ!»

ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው። ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ከቤቱ ፊት ለፊት ነበር። ተቀምጦ የሱሪ እግር ይሰፋል፤ ልቡ ቅርጫቱ ውስጥ ነው። እሳት የሌለው ድስት እንዴት ይፈላል? ባይፈላስ? ቢሻግትስ? ማየት መንካት አይደለም ብሎ ለራሱ ፈረደና መንገዱን ተሻገረ። ጨርቁን ፈታ፣ ክዳኑን አነሣ። እንፋሎቱ ፊቱን ገረፈው። «ይፈላል!» አለ ደስ ብሎት፤ መልሶ ገጠመና ወደ ሱቁ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ አሁንስ ይፈላል? ብሎ አሰበ። ሄዶ አየ። ከዚያ ሽንብራ አውጥቶ ቀመሰ፤ ጥሬ ነው። ራሱን እየነቀነቀ ከደነው። እንዲህ ሲል ዋለ። እሱ ባየው ቁጥር ድስቱ በረደ፣ ድስቱ በበረደ ቁጥር እሱ ሊያየው ተመለሰ።

ማታ ሽንብራው ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ትንሹ ልጅ አንዷን ተፋና በወለሉ ላይ አንከባለላት። ከሰሉ እንደገና ወጣ፣ ሽንኩርቱ እንደገና ተከተፈ።

«እሳት የሌለው ወጥ!» አለ ባልየው። ስለ ክዳኑ ግን ትንፍሽ አላለም።

ማክሰኞ «ዛሬ አንዴ ብቻ» ብሎ ለራሱ ማለ። አንዴውም ሌላውን አስከተለ። ረቡዕ ሚስቱ ቅርጫቱን ከነጭዱ ደጅ አወጣችው። «ሴትዮዋ ቀልዳብኛለች» አለችና ሽንኩርት በሌለበት ዕንባዋ ወረደ። ባልየው ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ፤ አሳለው እንጂ አልተናገረም።

ሐሙስ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ሞከረች። ሽንብራውን ከበግ ጎድን ጋር አንተከተከችው። ቅርጫቱ ነፋስ ያስገባ ይሆናል ብላ ድስቱን አልጋቸው ላይ አስቀመጠችው። ብርድ ልብስ ጠቀለለችበት፣ ትራስ ደገፈችበት፣ ከላይ የባሏን ጋቢ አለበሰችው።

«ዛሬም ካልሆነ በቃኝ» አለች። «ልጆቹን ገጠር እናቴ ዘንድ እልካቸዋለሁ። እዚያ እንኳ በልተው ይተኛሉ።»

ልብስ ሰፊው ይህን ሰምቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ዛሬስ አላይም አለ። ረፋዱ ላይ አንዱን እጀታ ሁለቴ ሰፍቶ ሁለቴ ተረተረው። በዚያው ሰዓት እትዬ ይመኙሻል ቀሚስ ሊለኩ ገቡ። እትዬ ይመኙሻል ሕመምተኛ በመጠየቅ፣ ለቅሶ በመድረስ ሰፈሩ ውስጥ ቀዳሚ የሌላቸው ሴት ነበሩ። ልብስ ሰፊው ወገባቸውን ለክቶ ረሳው፤ እንደገና ለክቶ እንደገና ረሳው። ዓይኑ ከመንገዱ ማዶ አልተነሣም።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉት።

«ይቅርታ እትዬ። እቤት አልጋ ላይ የተኛ አለ፤ ሐሳቤ እዚያ ሆኖ ነው።»

«ውይ በሞትኩት! እንዴት ነው ታዲያ?»

«ጠዋት እንደ እሳት ነበር» አለ ልብ ሳይለው። «አሁን እንዳይቀዘቅዝ ነው የፈራሁት።»

እትዬ ይመኙሻል ደረታቸውን ያዙ። ሌላ ደንበኛ ገብቶ ልብስ ሰፊው ዞር ሲል፣ ልኩን ሳያስጨርሱ መንገዱን ተሻገሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገብተው ቢያዩ፣ አንድ ሰውነቱ ያጠረ፣ ሆዱ የተነፋ ሕመምተኛ ጋቢ ተከናንቦ አልጋው መሀል ተኝቷል።

«እግዜር ይማርህ» አሉ። መልስ የለም። እጃቸውን በጋቢው ሥር ሰደዱ፤ ይፋጃል። ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ደረቱ ይንተከተካል! ኧረ የሰው ያለህ!»

ሰፈሩ ተገልብጦ ገባ። ልብስ ሰፊው ጩኸቱን ሰምቶ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። አንዱ ፀበል ይላል፣ አንዷ አየር ያግኝ ትላለች። አንድ ጎረምሳ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ሊገልጠው ነው። ልብስ ሰፊው ጉዱ ታየው። አሁን ጋቢው ይገለጣል፤ ከዚያ ድስት አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ትራስ አስደግፎ፣ ጋቢ ያለበሰ ሰው ተብሎ በገበያ ይጠራል። ሰዉን እየገፋ ዘለለና አልጋው ላይ ተቀምጦ ጥቅሉን በሁለት እጁ አቀፈ።

«እንዳትነኩት!»

«ኧረ ተው፣ ይተንፍስበት!» አሉ እትዬ ይመኙሻል።

«አይተነፍስም!»

ሴቶቹ እሪ አሉ።

«ማለቴ... መተንፈስ የለበትም። ሚስቴ አዝዛለች! እስክትመጣ ማንም እንዳይከፍተው ብላለች።»

ነርስ ናትና ቃሏ ተከበረ። ‘አይከፈት’ የሚለው ለሕመምተኛ ግራ ቢሆንባቸውም፣ የሐኪም ቋንቋ ነው ብለው አለፉት። ከሥራዋ እንጥራት ሲሉ፣ «እስከ ማታ ይተኛ ነው ያለችው» ብሎ አስቀራቸው። እንግዲያስ ብቻህን አንተውህም አሉና በየጥጉ ተቀመጡ፤ ወሬያቸውንም በሹክሹክታ ያዙ።

ልብስ ሰፊው ድስቱን እንዳቀፈ ዋለ። ሙቀቱ በጋቢው አልፎ ሆዱ ላይ ይሰማዋል። በስሎ ይሆን? አሯል? ጣቱ ወደ ቋጠሮው ይሄዳል፤ ቀና ሲል የሰፈሩ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው፤ ጣቱን ይሰበስባል። እንዲህ ያለ ስቃይ በሕይወቱ አላየም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጡ። ታላቂቱ አባቷን አየች፣ አልጋውን አየች፤ ወዲያው ገባት። አባቷ ጠቀሳት። አፏን በነጠላ አፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አታልቅሺ» እያሉ ጎረቤቶቹ አባበሏት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስትየው መጣች። በሩ ላይ የጫማ ክምር ስታይ «ልጄን!» ብላ ገባች። በዓይኗ ልጆቿን ለቀመች፤ ሁሉም አሉ። ባሏም አለ። አልጋ ላይ ወጥቶ ምን እንዳቀፈ አየች።

«ማን ነው የታመመው?» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺው ነሽ የምታውቂው!» አሉ እትዬ ይመኙሻል። «አይከፈት ብለሽ ይኸው ቀኑን ሙሉ ስንጠብቀው ዋልን።»

ወደ ባሏ ጆሮ ጎንበስ አለች። «ከፍተኸዋል?»

«እንዴት አድርጌ? ይሄ ሁሉ ሰው እያየኝ!»

ትራሱን አነሣች። ጋቢውን ገለጠች፣ ብርድ ልብሱን ፈታች፣ ክዳኑን ከፈተች። እንፋሎቱ እስከ ጣራው ወጣ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሽንብራው ፈርሶ ቅቤ መስሏል፣ ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ለቋል። ከዚያ እትዬ ይመኙሻል አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ተመስገን፣ ተርፏል!» አሉ።

ሳቁ መንገድ ማዶ ተሰማ። እንጀራ ከየቤቱ መጣ። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ከሕመምተኛው አንድ አንድ ጎረሰ። ትንሹ ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ በላ፤ «ጨምሩልኝ» ሲል እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ጠየቀችው። «ሰኞና ማክሰኞስ?»

«አየሁት እንጂ አልነካሁትም።»

«ስንት ጊዜ?»

በጣቶቹ መቁጠር ጀመረና ተወው። በትራሱ መታችው፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

ከዚያ ወዲህ ድስቱን ጠዋት ጠዋት የሚጠቀልለው ባልየው ሆነ። ጥጥ የተጠቀጠቀበት ወፍራም ከረጢት ሰፋለት። ድስቱን ከከተተ በኋላ የከረጢቱን አፍ በመርፌና በክር ጥቅጥቅ አድርጎ ይሰፋዋል፤ ማታ ልጆቹ ከበው ሲቀመጡ በመቀስ ይቆርጠዋል። ራሱን ያውቃላ! እራታቸውንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበሉ ጀመር።

ምንይችል ስልኩን በእጁ እንደያዘ ይስቅ ነበር። ጋሽ ወልደሰማያት አልሳቁም።

«ልብስ ሰፊው አንተ ነህ፣ ምንይችል» አሉት። «ዘዴ አጥተህ አልመጣህም። ሰኞ ከሚስትህ ጋር ተስማምተህ ትጥዳለህ፣ ማክሰኞ ከፍተህ ትቀምሳለህ፣ ረቡዕ አልበሰለም ብለህ ትደፋዋለህ። ከዚያ መጥተህ ዘዴው የቱ ነው ትለኛለህ። በእጃችሁ ያለው ይበቃል። ጠዋት ሳይደክማችሁ ጣዱት፣ አጥብቃችሁ ግጠሙት፣ ከዚያ እጃችሁን አንሡ። ለመሆኑ ዛሬ የእራቱ ተረኛ ማን ነው?»

«ባለቤቴ ናት።»

«እንግዲያው ያንን ስልክ ወደ ኪስህ መልሰው። እስካሁን ሦስቴ አውጥተኸዋል፤ ከምን አደረስሽው ብለህ ልትጠይቃት ነው። ጥዳዋለች ልጄ። ተዋት፣ ይብሰልላት።»