የውሃ አባቱ ዝምታ

አንድ የውሃ አባት ነበር። ቢተው ይባላል። በበጋ የወንዙን ውሃ ለመስኖ በተራ የሚያካፍል፣ በላይኛውም በታችኛውም መንደር የተከበረ ሰው ነው። ከወንዙ ራስ ላይ አያቶች በግዝት ያስከበሩት ሰፊ ጨፌ አለ፤ ማንም አያርሰውም። ክረምት የጠጣውን ዝናብ በበጋ ቀስ እያለ ስለሚለቅ፣ ዝናቡ ቀድሞ በተቋረጠበት ዓመት እንኳ ወንዙ ደርቆ አያውቅም ነበር።

የላይኛው መንደር ጭቃ ሹም፣ መሬት ጠቦናል ብሎ፣ ጨፌውን በቦይ አጠንፍፎ ሊያከፋፍል አሰበ። ሸንጎ ሲጠራ ሁሉም ቢተውን አየ፤ ውሃን የሚያውቅ እሱ ነዋ። ቢተውም ነገሩ ጥፋት እንደሆነ አላጣውም። ግን ጭቃ ሹሙ አስቀድሞ ከጨፌው መሀል ጥቁሩን አፈር ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበርና "እናንተ ካላችሁ" ብሎ ዝም አለ። ሆድ አፍን ይዘጋል።

ቦዩ ተቆፈረ። በዚያው ክረምት ወንዙ ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ሞላ። ሰዉም፣ ለካ ጨፌው ነው ውሃችንን ሲሰርቀን የኖረው ብሎ እልል አለ፤ ጎርፉን እንደ በረከት ቆጠረው። ቢተውም አብሮ አጨበጨበ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ዝናቡ መስከረም ሲጠባ ቀጥ አለ። ጥር ላይ የወንዙ ወለል ድንጋይ ብቻ ሆነ። የታችኛው መንደር የመስኖ ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር ደረቀ። እዚያ የተዳረችው የቢተው እህት ደብሬ ልጆቿን ይዛ ለስደት ስትነሳ በወንድሟ ደጅ አለፈች። እሱ ከጨፌው ያገኘውን ጤፍ አስወቅቶ ያስገባ ነበር።

"አያ ቢተው፣ ውሃው እንደሚያልቅ ታውቅ ነበር?" አለችው።

እሱም አንድ ቁና ጤፍ ሰፍሮ ዘረጋላት።

"በምን ላቡካው?" አለችና ሳትቀበለው ሄደች።

ወንዝን በክረምት ሙላቱ የሚለካ ሞኝ ነው፤ የወንዝ ዕድሜ መሬት ለበጋ ባስቀመጠችለት ውሃ ነው። ሞኙስ ባያውቅ ነው እንበል። አውቆ ዝም ያለውን ምን እንበለው? አበው "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" ያሉት አፍ ላለው ሰው ነበር። እኛስ ዛሬ ለሆዳችን ብለን በስንቱ ነገር ላይ "እናንተ ካላችሁ" ብለናል?