የሚያስጠማው በርጩማ

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ኧረ ጮክ በሉ፣ በደከመ ድምፅ ተረት አይመጣም! «ተረት ተረት!» «የመሠረት!» እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ጊዜ፣ ደመና የሰው ቋንቋ በሚሰማበት ዘመን፣ አንድ ንጉሥ ነበረ። የአገሩን ዝናብ የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። እንዴት መሰላችሁ? ክረምት ሊገባ ሲል ሹማምንቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። በርጩማ ያለው ሹም ተነሥቶ የአገሩን ስም ይጠራል። ደመናውም ስሙ ወደተጠራው አገር ሄዶ ይዘንባል።

ደጋ አምስት በርጩማ ነበረው። ወይና ደጋ ሦስት። ቆላ ግን አንድም አልነበረው። ለምን ብትሉ፣ በርጩማ በታደለ ዕለት የቆላ ሰዎች መንገዱ ረዝሞባቸው ዘገዩ። ሲደርሱ አልቆ ጠበቃቸው። በቃ፣ በዚያው ቀረ።

ደጋ ላይ ዝናቡ ከመብዛቱ የተነሣ ገብሱ በማሳው በሰበሰ። ቆላ ላይ ምንጩ ነጠፈ። ንጉሡ ከሰገነቱ ሆኖ ሲያይ የሚታየው ለምለሙ ብቻ ነው። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

በዚያ በቆላ አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቷ አርጅታ እግሯ አልሄድ ብሏት ነበር። የመንደሩ ሰዎች «ዘንድሮም ካልዘነበ አገሩን ጥለን እንሄዳለን» ተባባሉ። ውሃ ወዳለበት አገር መንገዱ አሥር ቀን ያስኬዳል። የአንጓች እናት ደግሞ አሥር እርምጃ አትራመድም። አንጓች ብታዝላትም ከሁለት ቀን በላይ አትዘልቅም። ስለዚህ አንጓች ፈራች፣ በጣም ፈራች።

ካቻምና አንድ ሽማግሌ ወደ ንጉሡ ሄዶ ደጅ ጠና። ዘበኛው «በርጩማ የሌለው አይናገርም» ብሎ መለሰው። አምና አንድ ጎበዝ ሄዶ ደጅ ጠና። እሱንም «በርጩማ የሌለው አይናገርም» ብሎ መለሰው። ዘንድሮስ ማን ይሂድ? ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች አንጓች።

ጠዋት ልትነሣ ስትል ደጇ ላይ አንዲት ኤሊ በጥም ደክማ አገኘች። ከቀረቻት ውሃ ግማሿን ሰጠቻት። ኤሊዋ ጠጥታ ስታበቃ እንዲህ አለቻት፦

«ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ከደረቀው ምንጭ አንድ ቅርጫት አፈር አምጪ። ከደረቀው ወንዝ አንድ ቅርጫት። ከእናትሽ ደጅ አንድ ቅርጫት። አቡኪውና በርጩማ ሥሪ። የተቀመጠበት ሰው የአገርሽ ጥም ይሰማዋል።»

አፈሩ በምን ይቦካ? የቀረችው ግማሽ ውሃ ለመንገድ ናት። ይኼኔ እናቷ የዕለት ድርሻዋን በቅል ይዛ «እንቺ ልጄ፣ እኔ ዛሬ አልጠማኝም» አለቻት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። ልጆች፣ እናት ስትዋሽ እንዲህ ነው የምትዋሸው። አንጓች ጭቃውን አቦካች። በርጩማውን ሠርታ እሳት ውስጥ አጠነከረችው። ከዚያም ተሸክማው ስድስት ቀን ተጓዘች።

አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ በርጩማዋን አስቀምጣ ቁጭ አለች። ዘበኛው «በርጩማ የሌለው…» ሊል አፉን ከፈተና የሸክላውን በርጩማ ሲያይ መልሶ ከደነው። «ያም ሆነ ይህ የአዳራሽ በርጩማ አይደለም። እዚያው ደጅ ላይ ተቀመጪ» አላት።

ንጉሡ ወደ አዳራሹ መጣ። አንጓች ብድግ አለችና «ኖር!» አለች።

«በእግዜር!» አለ ንጉሡ።

እናንተስ ትልቅ ሰው ሲመጣ «ኖር» ብላችሁ ትነሡ የለ? የተለቀቀለትን መቀመጫ ትቶ ያለፈ ሰው ናቀ ይባላል። ንጉሡ ደግሞ ጨዋ ነበር። ሩቁን አያይም እንጂ ክፉ አልነበረም። ለክብሯ ብሎ አንድ አፍታ አረፍ አለ።

ወዲያው ጉሮሮው ደረቀ። አንድ ዋንጫ ውሃ ጠጣ፣ አልረካም። ሁለተኛ ጠጣ፣ አልረካም። በሦስተኛው ጭራሽ ባሰበት። ልነሣ ቢል በርጩማው አልለቅ አለው።

«ይህ የማን ጥም ነው?» ብሎ ጮኸ።

«የእናቴ ነው፣ ጃንሆይ» አለች አንጓች።

የንጉሡ ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ ሰማይ አንጋጦ «ቆላ!» ብሎ ተጣራ።

ደመናው ጎንበስ ብሎ «ቆላ ሰፊ ነው፤ የት ልውረድ?» አለው። ንጉሡ አላወቀም።

የደጋው ሹም ወጥቶ «ቆላ!» አለ። «ምንጩ ማን ይባላል?» አለው ደመናው። ሹሙ ጢሙን አሻሸ።

የወይና ደጋው ሹም «ቆላ!» አለ። «መንገዱ በየት በኩል ነው?» ቢለው በእጁ ወዲያ አመለከተ። በዚያ በኩል ያለው የራሱ ማሳ ነበር። ደመናውም ሄዶ እዚያው አፈሰሰው።

«አንቺ ጥሪው!» አላት ንጉሡ፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ።

አንጓች እጅ ነሣች። «በርጩማ የሌለው አይናገርም ይላል ሕጉ። በእኔ በርጩማ ላይ ደግሞ እርስዎ ተቀምጠዋል።»

«ለዛሬ ተፈቅዶልሻል!»

እሺ ብላ ጠርታ ወደ እናቷ ብትሮጥ ምንኛ ደስ ባላት! «ለከርሞስ፣ ጃንሆይ?» አለች። «የዛሬው ዝናብ ለዛሬ ነው። ለከርሞ ማን ይጠራልናል?»

የደጋው ሹም ተቆጣ። «እኛ ብዙ ነን! የቆላ ሰው ስንት ሆኖ ነው?»

«ብዛታችሁ ይባረክ፣ ጌታዬ። ግን ገብሳችሁ በስብሷል አሉ። የእናንተ ትርፍ እኛን ያኖረን ነበር።»

ሹሙ ወደ ኋላው ሸሸት አለ። ገብሱ በእርግጥ በስብሶ ነበራ።

ንጉሡ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ደጋ ሁለት በርጩማ ይልቀቅ፤ አንድ እኔ እጨምራለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም ሦስት ሦስት ይሁን።»

አንጓች አዳራሽ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ጠራች። «ሾላ ምንጭ! ግራር ሜዳ! ጠጠር ወንዝ!» አንድም አልዘለለች። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የእናቴ ደጅ» አለች። ደመናው እያጉረመረመ ወደ ቆላ ወረደ። ንጉሡንም ጥሙም በርጩማውም ለቀቁት።

አንጓች አገሯ ስትገባ ሰዉ ከአህያ ላይ ጭነቱን እያወረደ ነበር። እናቷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ዝናቡን እየተቀበለች ትጠጣለች።

«ነይ ግቢ ልጄ፣ ትበሰብሻለሽ!» አለቻት።

«ልበስብስ እማዬ» አለች አንጓች። አቅፋትም አጠገቧ ተቀመጠች።

እንግዲህ ልጆች፣ ስታካፍሉ ሩቅ ያለውን አትርሱ። «እኛ እንናገርልሃለን» አትበሉት፤ መቀመጫ ስጡትና ራሱ ይናገር። የምንጩን ስም የሚያውቀው እሱ ነው።

ተረቴን ለጎረቤት አድርሱ፣ አፌን በቀዝቃዛ ውሃ አርሱ።