ኮፈኑ ላይ የጠመመው መስመር

አቶ ገላጋይ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ "ሠላሳ ዓመት ስነዳ ከዝንብ ጋር እንኳ ተጋጭቼ አላውቅም" እያሉ ሠፈሩን ያሰለቹ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን አሮጌ መኪናቸውን የእሽቅድምድም መኪና ላስመስላት ብለው ወደ ስቲከር ለጣፊዋ ወሰዷት። እሷም ከፊት እስከ ኋላ ሁለት ቀይ መስመር ለጠፈችላቸው።

ታዲያ መስመሩ ኮፈኑ ላይ ሲደርስ ተወላግዶ ቢያዩት፣ ሰው በተሰበሰበበት ጮኹባት፦ "እጅሽ ጠማማ ነው! ጥፋትሽን እመኚና በነፃ እንደገና ለጥፊ!"

ሴትዮዋ ክር አውጥታ በመስመሩ ላይ ወጠረች። ክሩ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ከሥሩ ኮፈኑ ጎድጉዶ ታየ።

"ጋሼ፣" አለች ፈገግ ብላ፣ "ሠላሳ ዓመት ምንም ያልነካው ብረት፣ ዛሬ ከእኔ ስቲከር ጋር ተጋጭቶ ነው እንዴ የጎደጎደው?"